የመጨረሻዋ አሃዝ

አባቴ አገጩን ከመደገፊያው ላይ አስቀምጦ ግንባሩን ወደፊት ገፋ ሲያደርግ፣ በካሜራው መስኮት መጀመሪያ የታየኝ ዓይኑ ሳይሆን ቅንድቡ ነው። ባለፈው ምርመራ አራት ነጭ ጸጉር ቆጥሬበት ነበር። አሁን የሚቀለው ጥቁሩን መቁጠር ነው።

«አረንጓዴዋን ነጥብ እያት» አልኩት።

«የትኛዋን?»

«አንድ እኮ ናት፣ አባዬ።»

«ለእኔ ሁለት ናቸው።»

«እንግዲያው መሃል መሃላቸውን እይ። ዓይንህን እንዳታርገበግብ።»

ብልጭታው በራ።

ሥራዬ የዓይንን ጀርባ ፎቶ ማንሳት ነው። ጠብታ አደርጋለሁ፣ ብሌኑ እስኪሰፋ ሃያ ደቂቃ እጠብቃለሁ፣ አነሳለሁ፣ ምስሉን እልካለሁ። ክሊኒካችን ትንሽ ስለሆነ ዓይን የሚቀድ ሐኪም የለንም። ምስሎቹ የሚሄዱት የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ወደሚገኘው የዓይን ማዕከል ነው። እዚያ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚመጣ የዓይን ጀርባ፣ የሬቲና፣ ቀዶ ሐኪም አለ፤ ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸውን ሰዎች የሚመርጠው የተላከለትን ምስል አይቶ ነው። የዚህ ዙር ዝርዝር የሚዘጋው በዚያው ቀን፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነበር። አባቴን ሳነሳው ስምንት ሰዓት ከሃያ ሆኗል።

ምስሉ ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ለሌላ ታማሚ ቢሆን «ጥሩ ተነስቷል» እል ነበር። ዝምታ ሰውን እንደሚያስደነግጥ ከሥራው ተምሬያለሁ። አባቴ ግን «ጥሩ ተነስቷል» የሚባለው መቼ እንደሆነ ከእኔው ሰምቶ ያውቃል።

«ስንት ቦታ ነው?» አለኝ።

«ሦስት ቦታ ደም አለ። አንዱ ወደ መሃሉ ቀርቧል።»

«ምን ያህል ቀርቧል?»

«አንድ ሚሊሜትር አይሞላም።»

ራሱን ነቀነቀና አገጩን ከመደገፊያው አነሳ። የግራ ዓይኑ ከሁለት ዓመት በፊት ነው የጠፋው። ያኔ ምስሉ የተነሳው ዝርዝሩ በተዘጋ በአራተኛው ቀን ነበር፤ የሚቀጥለው ዙር ስድስት ወር ቀረው፤ ዓይኑ ስድስት ወር አልጠበቀም። የቀረው ይኼ ቀኙ ብቻ ነው። ከትናንት በስቲያ ቁርስ ላይ «ጥቁር ክር ይዋኝብኛል» ሲል እናቴ ሹካዋን አስቀምጣ እኔን አየችኝ። ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገንም።

አሁን የቀረው መላክ ነው። መላኩ ደግሞ ከአሥራ አንድ ቀን ወዲህ ጣጣ ሆኖብናል።

ምስል የምንልክበትን ፕሮግራም የሠራው አባቴ ራሱ ነው። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የክሊኒኩ ብቸኛ የኮምፒውተር ሰው ነበር። ሰው አንድ ነገር ሊጫን ጣቱን ሲያነሳ «ቆይ!» ስለሚል ሠራተኛው ሁሉ «ጋሼ ቆይ» ይለዋል። እኔ ብቸኛ ልጁ ስለሆንኩ አባቴ ቤት ውስጥ ፕሮግራሙን «ታናሽሽ» ይለዋል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ታናሽሽ ዛሬ እንዴት ዋለ?» ብሎ ሲጠይቀኝ መልሴ «ደህና» ነበር። ማዕከሉ ማሽኑን ወደ አዲስ አድራሻ ካዛወረ በኋላ ግን ታናሼ አንዴ ይልካል፣ ሁለቴ እምቢ ይላል። በዚያ ላይ የማዕከሉ አዲስ ማሽን ሦስት ጊዜ በተከታታይ ሞክረን ካልተሳካልን እስከ ማግስቱ ጠዋት ድረስ በሩን ይዘጋብናል።

በዚያ ቀን ሁለቱን ሙከራ ጨርሰናል። የሚጠብቁት ምስሎች ሦስት ናቸው፦ ጠዋት የመጣችው የልብስ ሰፊዋ፣ ከእርሷ ቀጥሎ የጡረተኛው ሹፌር፣ አሁን ደግሞ የአባቴ።

በኢሜይል የተላከ የታማሚ ምስል ማዕከሉ አይቀበልም። ሌላ ፕሮግራም ለመጫን የዋናው መሥሪያ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ባለፈው ለማተሚያ ማሽን የጠየቅነው ፈቃድ ሁለት ሳምንት ፈጅቷል። በመኪና ተይዞ ቢሄድ የሚደርሰው ነገ ነው።

በሩ ተንኳኳና ሲስተር ገባች። ሲስተር የእንግዳ መቀበያውንም፣ የጠብታ ክፍሉንም፣ የሁላችንንም ቁጣ የምትይዝ ነርስ ናት።

«ላክሽ?»

«አልላክሁም።»

«ተነሺ እስኪ፣ እኔ ልሞክር። በግራ እጅ ነው የሚላከው፤ ስንት ጊዜ ልንገርሽ?»

«አንቺ በግራ እጅሽ ዘጠኝ ጊዜ ልከሽ አራት ጊዜ ነው የሄደልሽ።»

«ቆጥረሽብኝ ነው?»

«የሁላችንንም ቆጥሬያለሁ።»

«ጋሼ፣ ይቺን ልጅ ምን አብልተው ነው ያሳደጓት?»

«ቁጥር» አለ አባቴ።

እውነትም ደብተር ይዤ ነበር። ፕሮግራሙ ማስቸገር ከጀመረበት ቀን አንስቶ እያንዳንዱን ሙከራ ጽፌያለሁ፤ ሰዓቱን፣ ማን እንደላከ፣ በየትኛው እጅ፣ በሩ ክፍት ይሁን ዝግ፣ ዝናብ ይኑር አይኑር፣ የፅዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያ ማሽኗን ሰክታ እንደሆነ። ክሊኒኩ ውስጥ እያንዳንዱ ሰው የየራሱ ዘዴ ነበረው። አንዱ ከወንበሩ ተነስቶ ይቀመጣል፣ አንዱ ኮምፒውተሩን ጀርባውን መታ መታ ያደርገዋል። የተሳካለት ሰው ዘዴውን ያመሰግናል፤ ያልተሳካለት ደግሞ ይሞክራል። ለዚህ ነው ማንም ተበላሽቷል ብሎ በወጉ ያላመለከተው። አርባ አንድ ሙከራ፤ ሃያ አምስቱ ከሽፏል፣ አሥራ ስድስቱ ሄዷል። ዝናቡም፣ መጥረጊያውም፣ እጁም ምንም ለውጥ አላመጡም።

«ሦስተኛውን ልጫነው?» አልኩ። ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበር።

«ቆይ» አለ አባቴ።

ሲስተር ሳቀች። «ይኸው! ናፍቆኝ ነበር።»

«ስቂ አንቺ። ልጄ፣ እጅሽን አንሺ። ማሽኑ ምን አለ?»

«አልተሳካም አለ።»

«እሱ የመጨረሻው ቃሉ ነው። ከዚያ በፊት ምን አለ? ታናሽሽ የሚሰማውንም የሚያደርገውንም መዝገብ ላይ ይጽፋል። አንብቢልኝ።»

ወንበሩን ወደ ስክሪኑ ሳበና አንገቱን አስግጎ አየ። ከዚያ ተወው። ጠብታው የቅርቡን ነገር ሁሉ አደብዝዞበት ነበር፤ ለአራት ሰዓት ያህል እንዲህ ይቆያል።

«እኔ ያደረግኩብህ ነው» አልኩት።

«እንኳን አደረግሽብኝ። ባይ ኖሮ እኔው ራሴ አነባለሁ ብዬ ዘልዬ አልፈው ነበር። በይ፣ አንድም ሳታስቀሪ።»

መዝገቡን ከፈትኩ። እንዲህ ዓይነት መዝገብ መኖሩን በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አላወቅኩም። ለእያንዳንዱ ሙከራ ሁለት መስመር አለው፤ በመጀመሪያው ማዕከሉ የመለሰው ቃል፣ በሁለተኛው የእኛ ፕሮግራም የሞከረው በር።

«የዛሬው የመጀመሪያው፦ 192,168,114,203,195,149። ከሥሩ ደግሞ፦ ወደ በር ቁጥር 49934 መግባት አልተቻለም።»

«ስድስቱን ቁጥር አየሻቸው? የፊተኞቹ አራቱ ሕንጻው ናቸው። የኋለኞቹ ሁለቱ በሩን ይናገራሉ። እዚያ ያለው ማሽን ፋይል ይዘሽ በመጣሽ ቁጥር አዲስ በር ይከፍትልሽና በዚህ ግቢ ይልሻል።»

«በየጊዜው የተለያየ በር?»

«በየጊዜው። አንዱ ቁጥር ደግሞ ከ255 በላይ መሄድ ስለማይችል የበሩን ቁጥር ለሁለት ከፍሎ ነው የሚነግርሽ። የፊተኛውን በ256 ታባዢና ኋለኛውን ትደምሪበታለሽ።»

«ወረቀት ላምጣ?»

«ቆይ።» ዓይኑን ጨፈነ። አውራ ጣቱ በሌሎቹ ጣቶቹ ላይ ይመላለስ ጀመር። «195 በ256… 49920። 149 ሲደመርበት 50069። እነሱ የሚጠብቁን በር 50069 ላይ ነው። እኛ ያንኳኳነው የትኛውን ነው አልሽ?»

«49934።»

«ሌላ ሰው ቤት!» አለች ሲስተር።

«ሰው የሌለበት ቤት» አለ አባቴ። ፊቱ ላይ የነበረው ፈገግታ ጠፋ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ጥፋቱ የማዕከሉ ማሽን ነው ብሎ ያምን ነበር። ለአሥራ አንድ ቀን እራት ላይ የምንሰማው ይኼንኑ ነው፤ «የእኔ ዘጠኝ ዓመት ሠርቷል፣ የእነሱ አሥር ቀኑ ነው፤ ታዲያ ማን ነው የተሳሳተው?» እናቴ «ልጅህን ማንም አልነካብህም፣ ብላ» ትለዋለች።

«49934 ላይ 49920 ቀንሺበት።»

«አሥራ አራት።»

«አሥራ አራት» አለ ለራሱ። «149 አሉን። እኛ የሰማነው 14። ሁለተኛውን አንብቢ።»

«ሕንጻው ያው ነው። የኋለኞቹ 196 እና 231። የተሞከረው በር 50199።»

ጣቶቹ ተመላለሱ። «196 በ256፣ 50176። ከ50199 ስትቀንሺው ሃያ ሦስት። እነሱ 231 ብለዋል።»

አሁን እኔም አየሁት። «መጨረሻዋ አሃዝ ትወድቃለች።»

«ሁልጊዜ ብትወድቅ ኖሮ አንድም አይሄድም ነበር። የሄዱትን እያቸው።»

ደብተሬን ከመዝገቡ ጎን ዘርግቼ አንድ በአንድ አመሳከርኩ። ሲስተር በትከሻዬ ላይ አጎንብሳ ጣቷን በመስመሩ ላይ ታሄድልኝ ነበር። የሄዱት አሥራ ስድስቱ መጨረሻቸው 87፣ 45፣ 9፣ 62፤ አንዱም መቶ አይሞላም። የከሸፉት ሃያ አምስቱ መቶና ከዚያ በላይ። ከአርባ አንዱ አንድም ያፈነገጠ የለም። ዝናቡን ጽፌያለሁ፣ መጥረጊያውን ጽፌያለሁ፣ የሰዉን እጅ ሳይቀር ጽፌያለሁ፤ ማሽኑ ራሱ የተናገረውን ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልጻፍኩም። አፈርኩ።

«የእኔ ግራ እጅስ?» አለች ሲስተር።

«ለግራ እጅሽ አራት ጊዜ ትንሽ ቁጥር ደርሶታል።»

«እኔ ደግሞ ፀጋ መስሎኝ!»

አባቴ አልሳቀም። «የዛሬውን መልስ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቁጠሪልኝ። ቁጥሩንም፣ በመሃል ያሉትን ሰረዞችም፣ እያንዳንዷን እንደ አንድ።»

ቆጠርኩ። እንደገና ቆጠርኩ። «ሃያ ሦስት።»

«የድሮው አድራሻ ስንት ይሆን ነበር? 10,2,0,7 ብሎ ነው የሚጀምረው። በሩን ያንኑ አድርጊው።»

«አሥራ ስድስት።»

እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። በጠብታው የሰፋው ብሌኑ ጥቁር ነው፤ ወዴት እንደሚያይ አያስታውቅም። የግድግዳው ሰዓት ላይ ዘጠኝ ሊሆን አሥር ደቂቃ ቀርቶታል።

«‹ለተተኪዬ› የሚል አቃፊ አለ» አለ በመጨረሻ። «ክፈቺው።»

አቃፊው እዚያው ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ የተከፈተው የዛሬ ሦስት ዓመት፣ እርሱ ጡረታ በወጣበት ቀን ነው። ተተኪ ተብሎ የመጣ ሰው አልነበረም። ውስጡ ፕሮግራሙ ከነሙሉ ጽሑፉ፣ እንዴት እንደገና እንደሚገነባ የሚናገር ደግሞ አንድ ገጽ መመሪያ ነበር፤ የመጀመሪያው ቃል «ቆይ» ይላል። መስመሩን በቁጥሩ ነገረኝ። ዘጠኝ ዓመት ያለፈው ጽሑፍ በስንተኛው መስመር ላይ ምን እንዳለ ያውቃል።

«ምን ይላል?»

«ርዝመት እኩል ይሆናል ሃያ ሦስት።»

«ሃያ ሦስት።» ረጅም ትንፋሽ ወሰደ። «መልሱ ቢረዝም ቢረዝም ሃያ ሦስት ነው ብዬ ቆጠርኩ፤ ልክ ነኝ። ሃያ ሦስት ሳጥን አዘጋጀሁ። ግን ኮምፒውተሩ ጽሑፉ እዚህ ጋ አለቀ ለማለት መጨረሻ ላይ የራሱን ምልክት ያስቀምጣል። እሱም ሳጥን ይፈልጋል። ስለዚህ ሃያ ሁለት ፊደል ይገባና ሃያ ሦስተኛው ውጭ ይቀራል።»

«ለእንግዳው ሁሉ ወንበር አስቀምጦ የራሱን እንደረሳ ሰው» አለች ሲስተር።

«እንደሱ ነው። ዘጠኝ ዓመት እንግዳው አሥራ ስድስት ነበር፤ ወንበር ተርፎኝ ተንፈላስሼ ተቀምጬ ነበር። አሁን ቤቱ ሞላ።» እጁን ፊቱ ላይ አሳለፈ። «ለልምምድ የሚመጡትን ልጆች ስንት ጊዜ ሰድቤያቸዋለሁ በዚህች ስህተት!»

ላጽናናው ወንበሬን ወደ እርሱ አስጠጋሁ። እርሱ ግን ስለ ራሱ ማሰቡን ትቶ ነበር።

«ስንት ቀን ነው የተዘጋብን?»

«ሦስት ቀን።»

«የማን የማን ምስል ነው የዘገየው? በእኔ ምክንያት ዝርዝሩ ያለፈው ሰው አለ?»

ደብተሬን ገለጥኩ። ይኼን እንኳ ጽፌው ነበር። «የለም። ሁሉም በማግስቱ ጠዋት ሄዷል። ዝርዝሩ የሚዘጋው ዛሬ ነው፤ እስካሁን ማንም አልቀረም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አባዬ፣ ያሳደግከኝ አንተ ነህ።»

ትከሻው ዝቅ አለ። ከዚያ «ለኃላፊው ደውይ» አለኝ።

ኃላፊው በዋናው መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ክፍሉን የሚመራ ወጣት ነው። ድሮ ለልምምድ መጥቶ ስድስት ወር ከአባቴ ጎን ተቀምጧል። ያለ እርሱ ፈቃድ ምንም መነካት የለበትም፤ ይኼን ደንብ ያወጣው ራሱ አባቴ ነው። ስልኩን ድምፁ ለሁላችንም እንዲሰማ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«ጋሼ! እንዴት ነዎት? ዓይንዎን እንዴት አደረገዎት?»

«እዚህ ቁጭ ብዬልሃለሁ። የምስል መላኪያውን ልናስተካክል ነው የደወልነው።»

«እሱን ተዉት፣ ጋሼ፤ የእኛ ችግር አይደለም። ለማዕከሉ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ማሽናችሁን አስተካክሉ፣ የእኛ ፕሮግራም ዘጠኝ ዓመት ያለ እንከን ሠርቷል ብዬ ነው የጻፍኩት።»

አባቴ ከንፈሩን ነከሰ። ያ አረፍተ ነገር ከማን አፍ እንደወጣ ሁላችንም አውቀናል።

«ደብዳቤውን መልሰው።»

«ምን ብዬ?»

«ስህተቱ የፕሮግራሙ ነው፣ ፕሮግራሙም የእኔ ነው ብለህ። ሃያ አራት መባል የነበረበት ቦታ ሃያ ሦስት ጽፌያለሁ። የማብቂያውን ምልክት ቦታ ረሳሁ።»

«የማብቂያውን? እርስዎ?»

«እኔ።»

«ጋሼ… እንዲያው እኮ ማንም አይጠይቅም። ‹ማስተካከያ ተደርጓል› ብዬ በአጭሩ ልጻፈው።»

«እኔ እጠይቃለሁ። ስህተቱ የት እንደነበረ ካልጻፍክ ነገ አድራሻው ሲቀየር አንዱ ምስኪን እንደገና ግራ እጅና ቀኝ እጅ ሲቆጥር ይኖራል።»

«ግራ እጅ?»

«ረጅም ነው ታሪኩ። ትፈቅዳለህ አትፈቅድም? ሰዓት የለንም።»

«አስተካክሉ። ግን አሮጌውን ሳታጠፉ ቅጂ አስቀምጡ። ከመጫናችሁ በፊት ደግሞ አንዴ አንብባችሁ ተመልከቱት።»

«ያስተማርኩትን መልሶ ያስተምረኛል» አለ አባቴ፤ ደስ እንዳለው ከድምፁ ያስታውቅ ነበር።

አሮጌውን ገለበጥኩ። ከ23 ላይ 3ን ሰርዤ 4 ጻፍኩ። ያደረግኩት ለውጥ በሙሉ ይኸው ነው። «ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢው» አለኝ፤ አነበብኩ። «አሁንም» አለኝ፤ አነበብኩ። በመመሪያው ገጽ እንደተጻፈው እንዲገነባ አዘዝኩት፤ ጠቋሚው ብልጭ ድርግም ሲል ቆየና «ተጠናቋል» አለ። ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ አምስት።

የአባቴን ምስል መረጥኩ።

«የማንን ነው የያዝሽው?» አለኝ። ጠብታ ያለበት ሰው እንዴት እንዳወቀ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

«ያንተን።»

«ማን ነበር ተራው?»

«አባዬ፣ አንድ ሙከራ ብቻ ነው የቀረን። ከከሸፈ እስከ ነገ ይዘጋል። ዝርዝሩ ደግሞ—»

«አውቃለሁ መቼ እንደሚዘጋ። ማን ነበር ተራው?»

«ልብስ ሰፊዋ።»

«ከሷ ቀጥሎ?»

«ሹፌሩ።»

«እንግዲያው በተራው።»

ሲስተርን አየኋት። ጎትታ ከክፍሉ ታስወጣልኛለች ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። እርሷ ግን «እኔን አትዪኝ» አለች። «ሴትዮዋ ጠዋት መርፌ ላይ ክር የምታስገባው በምላሷ እየዳሰሰች እንደሆነ ነግራኛለች። እኔ ምንም ማለት አልችልም።»

የአባቴን ምስል ለቀቅኩና የልብስ ሰፊዋን ያዝኩ። ጣቴን ቁልፉ ላይ አድርጌ «ቆይ» እስኪለኝ ጠበቅኩ። አላለኝም።

ተጫንኩ።

«ስንት ነው?» አለ ወዲያው።

«195 እና… 88።» ከዚያ ቀጥሎ ያለው ጽሑፍ ወጣ። «ገባ! አባዬ፣ ሄደ!»

ሲስተር አጨበጨበች። አባቴ ግን ራሱን ነቀነቀ። «88 ድሮም ይሄድ ነበር። ለሴትዮዋ ደስ ብሎኛል፤ ስለ ፕሮግራሙ ግን ምንም አልነገረንም። ቀጥዪ።»

የሹፌሩን ያዝኩ። አሁን ቆጠራው እንደገና ከአንድ ስለሚጀምር ሦስት ሙከራ አለን። ተጫንኩ።

«ስንት ነው?»

«197… እና 214።»

አባቴ ጣቶቹን ማመላለስ ጀመረ፤ «50432… 50646» አለ በሹክሹክታ። «50646 ማለት አለበት።»

ከሥሩ ያለው መስመር ወጣ። አሃዝ በአሃዝ አነበብኩለት። «አምስት፣ ዜሮ፣ ስድስት፣ አራት፣ ስድስት። ገባ።»

አባቴ እንደዚያ ሲስቅ ካየሁት ዓመታት ሆኖኝ ነበር። የሹፌሩ ምስል መስመሩ እየሞላ ሲሄድ ምንም የማይታየውን ስክሪን አፍጥጦ እያየ፣ ጉልበቱን በመዳፉ እየመታ ይስቃል። የራሱ ምስል ገና አልተላከም። ትዝ ያለውም አልመሰለኝም። ያስታወሰችው ሲስተር ናት፤ «ጋሼ፣ የእርስዎስ? እዚሁ ሊያድሩ ነው?»

የእርሱ የሄደው ከአሥር ሰዓት ሃያ ሁለት ደቂቃ በፊት ነው። መጨረሻው 160 ነበር።

ወደ ቤት ስንሄድ ክንዴን ይዞ፣ ከፀሐዩ ዓይኑን በጥቁር መነጽር ጋርዶ፣ ደረጃ ሲመጣ እየነገርኩት ሄድን። መንገድ ላይ ደብተሬን ጠየቀኝ። በመጨረሻው ገጽ ላይ ምን እንደጻፍኩ እንዳነብለት ፈልጎ ነበር። «ምክንያት፦ የማብቂያው ምልክት ቦታ አልተያዘለትም» የሚለውን አነበብኩለት።

«የማን ስህተት እንደሆነ አልጻፍሽም?»

«የታናሼ ብዬ እጽፋለሁ።»

«አባቱን አስከትዪ» አለኝ።

በማግስቱ አራት ሰዓት ላይ ከማዕከሉ ተደወለ። ሦስቱም ተቀባይነት አግኝተዋል። ወዲያው ወደ ቤት ደወልኩ፤ ያነሳችው እናቴ ናት። «ተቀብለውታል» ስላት ስልኩን ጣለችውና ከሩቅ ስትጣራ ሰማኋት። ከዚያ የአባቴ ድምፅ መጣ።

«ስንተኛ ነኝ?»

«አሥራ ሰባተኛ። ሐኪሙ በመጣ በሦስተኛው ቀን ይደርስሃል።»

ወዲያው ሳይመልስልኝ ሲቀር እያለቀሰ መሰለኝ።

«ልጄ» አለ በመጨረሻ።

«አቤት፣ አባዬ።»

«ቆይ። መልሰሽ ደውዪላቸው። አሥራ ሰባት ብለው ነው ያቆሙት? ከኋላዋ ሌላ አሃዝ እንደሌለ አረጋግጪ።»